በምግብ ካርድ ምክንያት ሐኪማችሁን አትለውጡ



የዛሬው ጽሑፍ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ለምትኖሩ፣ ዕድሜያችሁ 65 ለሞላ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ወላጆቻችሁን ለምትንከባከቡ ልጆች ነው። ሌላ አገር ያላችሁም አንብባችሁ አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችሁ ብታስተላልፉት ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ የግሮሰሪ ካርድ ነው። (ግሮሰሪ ስል አገር ቤት ቢራ የሚጠጣበትን ማለቴ አይደለም፤ አስቤዛ የሚገዛበትን ነው።) «ሜዲኬር ካለዎት በየወሩ ለምግብ የሚሆን ነፃ ገንዘብ ይወስዳሉ» የሚለውን ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ያላየ፣ በስልክ ያልሰማ አረጋዊ ማግኘት ይከብዳል። ወላጆቻችን ደግሞ በሰንበቴውም፣ በመስጊዱም፣ በቡና ላይም ይነጋገራሉ። «እሷ 100 ዶላር ታገኛለች፣ እኔ ለምን ቀረብኝ?» ይባላል። በሳምንቱ ኢንሹራንስ ይቀየራል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ካርዱ የሚገባችሁ ከሆነ ተቀበሉ፤ አንድ ዶላር እንኳ ሳታስቀሩ ተጠቀሙበት። ነገር ግን በካርዱ ምክንያት ብቻ ኢንሹራንስ አትምረጡ። የወላጆቻችሁ ሐኪምና መድኃኒት ይቀድማል፣ ካርዱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚጎዳው ጤናቸው ነው።

ካርዱ ከየት ይመጣል?

ሜዲኬር በሁለት መንገድ ይወሰዳል። አንደኛው ኦሪጅናል ሜዲኬር ነው፤ ለሐኪሙና ለሆስፒታሉ የሚከፍለው መንግሥት ራሱ ነው። ሁለተኛው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ወይም ፓርት ሲ ይባላል። በዚህኛው መንግሥት በእናንተ ስም ለአንድ የግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል፣ ሕክምናችሁን የሚሸፍነው ኩባንያው ይሆናል። ፓርት ኤ እና ፓርት ቢ ካላቸው ሰዎች ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው የሚታከሙት።

ኦሪጅናል ሜዲኬር የአስቤዛ ገንዘብ አይሰጥም። ካርዱን የሚሰጡት አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖች ናቸው። ስለዚህ «መንግሥት ለአረጋውያን በሙሉ የምግብ ካርድ ማደል ጀምሯል» የሚል ሰው ከደወለላችሁ፣ የሚነግራችሁ እውነት አይደለም።

ገንዘቡም የኩባንያው ችሮታ አይደለም። ኩባንያው «መንግሥት ካስቀመጠው ጣሪያ ባነሰ ዋጋ ሕክምናውን እሸፍናለሁ» ሲል፣ ከልዩነቱ የተወሰነው ለአባላቱ በተጨማሪ ጥቅም መልክ ይመለሳል። የጥርስ ሕክምና፣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ወደ ሐኪም መመላለሻ መኪና እና የምግብ ካርድ የሚመጡት ከዚሁ ነው። ይህ ስሌት በየዓመቱ እንደገና ይሠራል። ዘንድሮ 100 ዶላር የሰጠ ፕላን በሚቀጥለው ዓመት 40 ሊያደርገው ወይም ጨርሶ ሊያነሳው ይችላል።

ሁሉም ሰው አያገኝም

ፕላኖች ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው አባላት እንደ ምግብ ያሉ ነገሮችን እንዲሰጡ የፈቀደው በ2018 የወጣ ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ከ2020 ጀምሮ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን አንድ የሙከራ ፕሮግራም ነበረ፤ በእሱ በኩል ገቢያቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ብቻ የምግብ ካርድ የሚያገኙ ነበሩ። ያ ፕሮግራም በ2025 መጨረሻ ተዘግቷል። አምና ይሠራ የነበረ ካርድ ዘንድሮ የተቋረጠባችሁ ካላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን «ሜዲኬድ አለኝ» ወይም «ገቢዬ ትንሽ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ፕላኑ ከሚቀበላቸው ሥር የሰደዱ ሕመሞች አንዱ ሊኖርባችሁ ይገባል። ስኳር፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ ዲያሊሲስ የደረሰ የኩላሊት ሕመም በብዙዎቹ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ፤ ዝርዝሩ ግን ከፕላን ፕላን ይለያያል። ሕመሙም በሐኪም መዝገብ ላይ የሰፈረና የተረጋገጠ መሆን አለበት። ስለዚህ ለፕላኑ ደውላችሁ «በየትኛው ሕመም ነው የሚሰጠው? ከሐኪሜ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። ወረቀቱን መሙላት ሥራችን ነው፤ አትፈሩን።

ሐኪም ስለ አስቤዛ ምን አገባው?

ብዙ አገባው። በካሊፎርኒያ የሆስፒታል መረጃ ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል የሚተኙበት መጠን በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ከመጀመሪያው ሳምንት በ27 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ገቢያቸው በተሻለ ሰዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ በወር መጨረሻ ገንዘቡም ምግቡም ያልቃል የሚል ነው። ሰውየው ኢንሱሊኑን እንደታዘዘው ይወጋል፣ የሚበላው ግን የለም።

ይህ ለእኛ ወላጆች ሩቅ ነገር አይደለም። ግሊፒዛይድ ወይም ግሊቡራይድ (አገር ቤት ግሊቤንክላማይድ የሚባለው) የሚወስዱ፣ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉ እናት ምሳ ሲዘሉ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር፣ መውደቅ ይከተላል። በዚህ ዕድሜ አንድ ውድቀት የዳሌ አጥንት ስብራት ሊያመጣ ይችላል።

የእኛ እናቶችና አባቶች ደግሞ «ምግብ አንሶኛል» አይሉም። «ልጆቼን ማስቸገር አልፈልግም» ይላሉ። ከሚያገኟት ላይ ቀንሰው አገር ቤት ለእህታቸው ይልካሉ፤ የተረፈውን በሻይና በዳቦ ያሳልፉታል። ካርዱን አጥብቀው ሲፈልጉት «ስግብግብ ሆኑ» አትበሉ። ምናልባት በሌላ መንገድ ሊነግሯችሁ ያልቻሉትን እየነገሯችሁ ነው። «የራሴ» የሚሉት፣ ማንንም ሳይለምኑ የሚያዙበት ገንዘብ መኖሩም ለክብራቸው ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ነው ካርዱን የማልቃወመው። ምግብ በጤና ኢንሹራንስ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የማልስማማው ካርዱ ማጥመጃ ሲሆን ነው።

ጉዳቱ የት ላይ ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት ስኳርና የልብ ድካም አለባቸው እንበል። የልብ ሐኪማቸው ለዓመታት ያውቃቸዋል፤ ውኃ ማስወጫ ኪኒናቸውን በስንት ሚሊግራም እንደሚያስተካክል ያውቃል። በወር 75 ዶላር የምግብ ካርድ የሚሰጥ ሌላ ፕላን መጣና ተቀየሩ። በዓመት 900 ዶላር ነው፤ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

በጥር ወር ቀጠሮ ሲደውሉ ሐኪሙ በአዲሱ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ የለም። አዲስ ሐኪም ለማግኘት ወራት ይጠብቃሉ። አንዱ መድኃኒታቸው በአዲሱ ፕላን ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ወይም ዋጋው ስለጨመረ ፋርማሲው ላይ ይተዉታል። እግራቸው ማበጥ ይጀምራል፤ ማታ ተኝተው መተንፈስ ያቅታቸዋል፤ በመጨረሻ ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። ሜዲኬድ ለሌለው ሰው በብዙ ፕላኖች አንድ ቀን ሆስፒታል መተኛት ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ድርሻ ያስከፍላል። የዓመቱ ካርድ በጥቂት የአልጋ ቀናት ያልቃል፤ ልባቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ደግሞ በገንዘብ አይመለስም።

ሌላም አለ። ኦሪጅናል ሜዲኬር ከሜዲጋፕ (ቀሪውን ወጪ ከሚሸፍነው ተጨማሪ ኢንሹራንስ) ጋር ያላችሁ ሰዎች፣ ወደ አድቫንቴጅ ከሄዳችሁ በኋላ ልመለስ ብትሉ በአብዛኞቹ ስቴቶች ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ አድቫንቴጅን ለሞከረ ሰው የ12 ወር የመመለሻ ዕድል አለ። ከዚያ በኋላ ግን የሜዲጋፕ ኩባንያው ጤናችሁን መርምሮ ሊከለክላችሁ ወይም ዋጋ ሊጨምርባችሁ ይችላል። በር ከመዝጋታችሁ በፊት ከውጭ የሚከፈት መሆኑን አረጋግጡ።

ፕላን ከመቀየራችሁ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል ጠይቁ።

1. ሐኪሞቼ አሉበት? ለእያንዳንዱ ሐኪም ቢሮ ራሳችሁ ደውሉ። የፕላኑን ሙሉ ስም ንገሯቸው፤ የኩባንያው ስም ብቻ አይበቃም፤ አንድ ኩባንያ ብዙ ፕላን አለው።

2. መድኃኒቶቼ በሙሉ ይሸፈናሉ? የመድኃኒቶቹን ጠርሙሶች ሰብስባችሁ ከነመጠናቸው አንድ በአንድ አስፈትሹ።

3. የምሄድበት ሆስፒታል፣ ፋርማሲ፣ ዲያሊሲስ ማዕከልስ?

4. ስፔሻሊስት ለማየት ሪፈራል፣ ለምርመራ ደግሞ የኩባንያው ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል?

5. በዓመት ከኪሴ የምከፍለው ከፍተኛው ጣሪያ ስንት ነው?

6. የምግብ ካርዱ በየትኛው ሕመም ይሰጣል? ስንት ነው? በየወሩ ነው ወይስ በየሦስት ወሩ የሚሞላው? ያልተጠቀምኩበት ይተላለፋል ወይስ ይቃጠላል? ለምግብ ብቻ ነው ወይስ ከፋርማሲ ዕቃ ጋር በአንድ ላይ የተቆጠረ ነው?

7. ካርዱ የትኞቹ ሱቆች ይሠራል?

ካርዱ ስድስተኛ ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ከ1 እስከ 5 ያሉት መልሶች ጥሩ ከሆኑና ሁለት ፕላኖች እኩል ከሆኑላችሁ፣ ያን ጊዜ ካርዱ ይወስን።

ፕላን የሚቀየርበት ዋናው ጊዜ በፈረንጆቹ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 5 ገደማ እስከ ኅዳር 28 ገደማ። ለውጡ የሚጸናው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። አድቫንቴጅ ውስጥ ሆናችሁ «ተሳስቻለሁ» ካላችሁ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ መቀየር ይቻላል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ፕላናችሁ በሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚለውጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ይልካል። ያ ደብዳቤ ከማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ እንዳይጣል።

ካርዱ ካላችሁ፣ ለጤናችሁ ግዙበት

ካርዱ የሚሠራው በፕላኑ ዝርዝር ውስጥ ባሉ ሱቆች ብቻ ነው። ጤፍና በርበሬ የምትገዙበት የሐበሻ ሱቅ ከዝርዝሩ ውጪ ሊሆን ስለሚችል ገንዘባችሁን አከፋፍሉ። በካርዱ ከትልቁ ሱፐርማርኬት ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ አጃ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ዶሮና ፍራፍሬ ግዙ፤ ጤፉንና ሽሮውን በጥሬ ገንዘባችሁ።

ከሐኪም እይታ አራት ነገሮች ላክል።

ጨው፦ ደም ግፊትና የልብ ድካም ያለባችሁ፣ እንጀራውን በምን እንደምትጋግሩት ተመልከቱ። ብዙ ሰው የሚቀላቅለው ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት ቀድሞውኑ ጨው አለበት፤ አንድ ኩባያው ከ1,000 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም ይይዛል። ለአንድ ጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 2,300 ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው የሾርባ ኩብም እንዲሁ ጨው ነው። የታሸገ ሽምብራና ባቄላ ስትገዙ ጨው ያልተጨመረበትን ምረጡ፤ ካልተገኘ በውኃ እጠቡት።

ስኳር፦ ጁስ ፍራፍሬ አይደለም። ማርም ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር ነው። ፍሬውን እንዳለ ብሉት። ስኳር በድንገት ለሚወርድባችሁ ግን ትንሽ ጁስ ቤት ውስጥ መኖር አለበት፤ ያ መድኃኒታችሁ ነው።

ኩላሊት፦ «ጨው ምትክ» ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ፖታሲየም ናቸው። የኩላሊት ድካም ላለበት፣ ወይም ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ ሰው የልብ ምት እስከ ማዛባት ሊደርሱ ይችላሉ። ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትግዙ። የኩላሊት ሕመምተኞች ሙዝ፣ ድንችና ቲማቲምም በምን ያህል መጠን እንደሚፈቀድላችሁ ጠይቁ።

ዋርፋሪን፦ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ጎመን ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይዋዥቅ። በጾም ወቅት ጎመን በዝቶ የሚበላ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ደማችሁን ቶሎ እንመረምራለን። በጾም የምግብ ሰዓታችሁ የሚቀየር የስኳር ሕመምተኞችም እንዲሁ፤ መድኃኒቱ ከሰዓቱ ጋር መስተካከል አለበት።

ካርዱ ባይገኝስ?

የምግብ ችግር ካለ መፍትሔው ኢንሹራንስ መቀየር ብቻ አይደለም። ፉድ ስታምፕ (ስናፕ) ዕድሜያቸው 60 ለሞላ ሰዎች የገቢ ስሌቱ ላላ ያለ ነው፤ ከኪስ የሚወጣ የሕክምና ወጪ በወር ከ35 ዶላር ሲያልፍ የሚያልፈው መጠን ከገቢያቸው ላይ ይቀነስላቸዋል። ለምዝገባ የተፈቀደለት ማንኛውም የምግብ ሱቅ ስለሚቀበለው ጤፍ የምትገዙበት ሱቅም ሊሠራ ይችላል። በየአካባቢው ያለው የአረጋውያን ጉዳይ ቢሮም 60 ዓመት ለሞላቸው የጋራ ምሳና ቤት ድረስ የሚመጣ ምግብ ያዘጋጃል።

የኢሚግሬሽን ሁኔታችሁን ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። በልጅ ስፖንሰርነት በግሪን ካርድ መጥተው እዚህ አገር ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ሜዲኬርን በክፍያ ለመግዛት እንኳ ብዙውን ጊዜ 5 ዓመት በተከታታይ መኖር ይጠበቅባቸዋል። ጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ጨምሮ ግሪን ካርድ ያልያዙ ብዙዎች ሜዲኬርና ስናፕ የማግኘት መብታቸውን አጥብቦታል። ከጎረቤት በሰማችሁት አትወስኑ፤ የምታውቁትን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

የሜዲኬር ቁጥራችሁን ጠብቁ

ሜዲኬር ሳትጠይቁት ደውሎ «ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አይልም። የፕላን ሻጭም ሳይጋበዝ ቤታችሁን እንዲያንኳኳ አይፈቀድለትም። በአማርኛ አክብሮ «እማማ» ብሎ የሚያናግራችሁ ሰው ሁሉ ከመንግሥት የመጣ አይደለም። ከማኅበረሰባችን መካከል ወላጆቻችንን በቅንነት የሚረዱ ኤጀንቶች አሉ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ሆኖም ኤጀንት የሚከፈለው ከኢንሹራንስ ኩባንያው ነው፤ የአካባቢያችሁን ፕላን ሁሉ ላይሸጥም ይችላል። «የማትሸጣቸው ፕላኖች አሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የማይሸጥ ሰው ምክር ከፈለጋችሁ በየስቴቱ ሺፕ የሚባል ነፃ የሜዲኬር አማካሪ አገልግሎት አለ። በ1-800-633-4227 ሜዲኬር ራሱ ጋ ደውላችሁ «አማርኛ አስተርጓሚ» ማለትም ትችላላችሁ፤ ክፍያ የለውም።

ለልጆች አንድ አደራ

በዚህ ሳምንት እናታችሁ ወይም አባታችሁ ቤት ስትሄዱ የኢንሹራንስ ካርዳቸውን አይታችሁ የፕላኑን ሙሉ ስም ጻፉ። የመድኃኒት ጠርሙሶቹን ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፍሪጁን ክፈቱ። በወር መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። ፍሪጁ ባዶ ከሆነ ካርድ ከመፈለጋችሁ በፊት ሙሉት፤ በቀጣዩ ቀጠሮም ለሐኪማቸው ንገሩ። እኛ ካልተነገረን የስኳሩ መዋዠቅ ከመድኃኒቱ ይመስለንና መጠኑን እንለዋውጣለን።

ፕላን ስለመቀየር የገጠማችሁን፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ከታች ጻፉልን፤ የሜዲኬር ቁጥራችሁንና ስልካችሁን ግን ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ። ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ የእናንተን ሕመም የሚያውቀው የራሳችሁ ሐኪም ነው። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት።